ውሻዬ ቆዳ ውስጥ ትል አለ፤ ምን ላድርግ?

እባካችሁ የገጠመው ሰው ካለ ይርዳኝ። ውሻዬ አንገቱ ላይ እባጭ ወጥቶበታል። መጀመሪያ መዥገር መስሎኝ ነበር። ፀጉሩን ገለጥ ሳደርገው ግን መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ውስጡ አንድ ነገር ብቅ ጥልቅ ይላል። ዘገነነኝ! ለካ የዝንብ እጭ ኖሯል፣ በዚያች ቀዳዳ የሚተነፍሰው።

ትናንት አየር ላሳጣው ብዬ ቫዝሊን ቀባሁበት። ጫፉ ብቅ አለ፣ በወረንጦ ልይዘው ስል ግን ተመልሶ ገባ። ገላው ላይ ያሉት ጥቃቅን እሾሆች ሙጭጭ አድርገው ይይዙታል። እንዳልጨምቀው ደግሞ ውስጥ ከፈነዳ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል።

የእንስሳት ሐኪም ቀጠሮዬ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ቫዝሊኑን ልቀጥል ወይስ ልተወው? እኔም ከትናንት ጀምሮ ክንዴን ያሳክከኛል (ፍርሃት ይሆናል)። ከውሻው በቀጥታ ይተላለፍብኛል እንዴ?