ግራሙ ይቀነስ ወይስ ዋጋው ይጨመር? የሰሜን ሸዋ ልጆች ክርክር

የጠባሴዋ፦ ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም የሆድ ጉዳይ ነው። ዳቦው በዚያው ዋጋ እያለ ስታነሱት ቀለለ፣ ብስኩቱ ፓኬቱ ያው ሆኖ ውስጡ ጎደለ፣ ሳሙናው መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ሳሳ፣ ድሮ 500 ግራም የነበረው እሽግ 400 ተብሎ በትንንሽ ፅሁፍ መጣ። ጥያቄዬ እንዲህ ነው፦ ወጪ ሲጨምር ነጋዴው ዋጋውን ይጨምር ወይስ መጠኑን ይቀንስ? እኔ ዋጋውን ይጨምር ባይ ነኝ፣ ቢያንስ ስንት እንደወሰደብኝ አውቃለሁ። ስድብ የለም፣ የድርጅት ስም መጥራትም የለም፣ ጠብ ነው የሚያመጣው።

የመንዝ ልጅ፦ ምርጫ ያለን አስመሰልሽው እኮ፣ ሁለቱንም ነው እያደረጉን ያሉት ቂቂቂ

ዳቦ ቤቱ፦ እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዳቦ እጋግራለሁ። ሌባ ስትሉን ዝም ብዬ ነበር አሁን ግን ልናገር። ዱቄት ጨመረ፣ እርሾ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ እርሾውም አብሮ ተሰቀለ፣ የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል፣ ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተር አለ ናፍጣ አለ። ይሄን ሁሉ ተሸክሜ ዳቦው ላይ 1 ብር ብጨምር ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ይሰድበኛል፣ ግራም ብነካ ግን ይገዛል። ለምን ብትሉ እኛ አገር ሰው ዳቦ የሚገዛው በብር ነው፣ «የሃምሳ ብር ስጠኝ» ነው የሚለው፣ 500 ግራም ስጠኝ ያለኝ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ሳንቲም ደግሞ ሞቷል፣ ድሮ 10 ሳንቲም 25 ሳንቲም እያልን እንጨምር ነበር፣ አሁን ከ1 ብር በታች መልስ የሚባል ነገር የለም። የ5 ብር ዳቦ 6 ሲሆን በአንዴ 20 ፐርሰንት ነው። ወጪዬ የጨመረው 8 ፐርሰንት ብቻ ቢሆንስ? ከመቶው ግራም 7 ግራም ልቀንስ ወይስ 1 ብር ልጫንባችሁ? እስቲ ፍረዱ። ሌላም አለ፣ 100 ግራም ሊጥ ምድጃ ገብቶ ሲወጣ እርጥበቱን ጥሎ ከ90 በታች ሊወርድ ይችላል፣ ይሄን ሳታውቁ ሚዛን ተሸክማችሁ አትምጡብኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ የ5 እና የ6ቱ ነገር ትክክል ነህ፣ እዚያ ላይ አልከራከርህም። የምድጃውን ግን እኛ ላይ አትጣል። የምትሸጥልኝ ዳቦ ነው፣ ሊጥ አልገዛሁህም። ምድጃው የሚወስደውን አስበህ ሊጡን 115 ወይ 120 አድርገህ ትቆርጣለህ፣ ስንት ዓመት የጋገርክ ሰው ይሄ ይጠፋሃል ብዬ አላምንም።

ሰው በሂሳብ ስለማያየው ነው የሚሸወደው። 500 ግራም የነበረው በዚያው ዋጋ 400 ሲሆን ሁሉም «20 ፐርሰንት ቀነሰ» ይላል፣ በኪሎ ስትመታው ግን ዋጋው የጨመረው 25 ፐርሰንት ነው። ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ደግሞ ሌላኛው ዓይነት ነው፣ 250 ግራሙ 100 ብር የነበረ ነገር 200 ግራም ይሆንና 90 ብር ተብሎ «ዋጋ ቀነስን» ይባላል። ኪሎው ከ400 ወደ 450 ብር ወጣ እኮ! ደንበኛው 10 ብር አተረፍኩ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ዳቦ ቤቱ፦ ጋሼ ለእርስዎ ክብር አለኝ ግን 120 ቆርጬ በ5 ብር ብሸጥ በወሩ ሱቁን ዘግቼ ነው የማገኝዎት።

ጡረተኛው መምህር፦ እንግዲያው 6 ብር በል! ማን ከለከለህ? 7 ግራሟን አንድ ጊዜ ብቻ ብትነካ እኔም ዝም እል ነበር። ግን 93 ይሆናል፣ ከዚያ 86፣ ከዚያ 80፣ መጨረሻ ላይ 6 ብሩም ይመጣል፣ ያኔ ግራሙ ወደ 100 ይመለሳል? ተመልሶ አይቼ አላውቅም።

የሸዋሮቢቷ፦ መምህር እጅዎት ይባረክ

ባለሱቁ፦ እኔ ደግሞ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ሰው የሚጮኸው እኔ ላይ ነው ግን እኔ አላሽገውም። ካርቶኑ ሲመጣ ከፍቼ እደረድራለሁ፣ መቀነሱን እኔም ከናንተ እኩል ነው የማየው፣ አንዳንዴ ደንበኛ ነው የሚነግረኝ። በ2014 ትዝ ይላችሁ እንደሆነ የዩክሬን ጦርነት ተነስቶ ኢንዶኔዥያ ደግሞ የፓልም ዘይት ኤክስፖርት ዘግታ ዘይት ሲሰቀል እኔ ነበርኩ «ስግብግብ ነጋዴ» የተባልኩት፣ ኢንዶኔዥያ የት እንዳለች እንኳን አላውቅም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ትንሹን እሽግ የሚፈልገው ሰው ነው። በቀን ሥራ የሚኖር ሰው 5 ሊትር ዘይት ባንዴ አይገዛም፣ «በሃይላንድ ጨምርልኝ» ነው የሚለው፣ ዱቄት ሳሙናም በትንሿ ላስቲክ። ትንሽ መጠን ባይኖር ይሄ ሰው ምን ይገዛል?

የሦስት ልጆች እናት፦ ወንድሜ ትንሽ መኖሩን ማን ጠላ፣ እኔም ትንሿን ነው የምገዛው። ግን ትንሽ ነኝ ብላ ትምጣ። የትላንቷ መሰለኝ ብዬ ገዝቼ ቤት ስገባ ለወጡ አልበቃ ካለች ተሸወድኩ ማለት ነው። እናንተ የምታወሩት ስለ ፐርሰንት ነው፣ እኔ ጋ ግን ሦስት ልጅ ነው ያለው፣ ጠዋት በሁለት ሁለት ዳቦ ይጠግቡ የነበሩት አሁን ሦስተኛ ይጠይቁኛል። ዳቦ ቤቱ ዋጋ አልጨመርኩም ይለኛል እኔ ግን ስድስት እገዛ የነበረውን ዘጠኝ ገዛሁ፣ ታዲያ አልጨመረም ይባላል? ደግሞ ትንሿ በኪሎ ስትሰላ ከትልቋ ትወደዳለች፣ ማለት ደሀው ነው ውድ የሚገዛው፣ ይሄንን ማንም አያነሳው።

የጠባሴዋ፦ እትዬ ይሄን ያነሱት በጣም ጥሩ ነው። ባለሱቁ «ለደሀው ብለን ነው» ሲል እኔም ልስማማ ነበር።

ምንጃሬው፦ እናንተ ከተሜዎች ጤፍ ተወደደ ብላችሁ ገበሬውን ስትረግሙ ዝም አልኩ፣ አሁን ግን መናገሬ ነው። እኔ ስሸጥ ኩንታሌ መቶ ኪሎ ነው፣ እንደውም ነጋዴው ለኬሻ ብሎ ይቀንስብኛል፣ ቆሻሻ አለው ብሎ ይቀንስብኛል፣ ሚዛኑም ራሱ የሱ ነው፣ በጎን አዘንብሎ የሚመዝን ሚዛን አለ። እኔ የምሰጠው በሙሉ ሚዛን ሆኖ የምገዛው ሁሉ ደግሞ የተሸረፈ ነው፣ ሳሙናው ሳሳ ክብሪቱ ጎደለ ብስኩቱ አየር ሆነ። ማዳበሪያ ከ2013 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፣ የቀን ሠራተኛ ጨምሯል። አንድም ቀን ግን «ማዳበሪያ ስለተወደደ ኩንታሌ 90 ኪሎ ነው» ብዬ ገበያ ወጥቼ አላውቅም፣ ብወጣ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ።

የመንዝ ልጅ፦ አያ ምንጃሬ እውነት ነው ግን ማኛውን ነጭ ጤፍ ከሰርገኛ ደባልቆ የሚሸጥም አለ፣ ገበሬው ሁሉ መልአክ አይደለም። ከኛ ሰፈርም ገብሱ ላይ ገለባ የሚተው አይጠፋም።

ምንጃሬው፦ የሚደባልቀው ነጋዴው ነው!

የሸዋሮቢቷ፦ አይ ጋሼ ነጋዴውን ብቻ አይበሉ እኔም ነጋዴ ነኝ ሽንኩርትና ቲማቲም አመጣለሁ ከታች ጣርማበርን ወጥተን ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ስንት ኬላ እንዳለ ስንት እንደሚከፈል መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ስንት ቀን ቆሞ ስንቱ እንደሚበሰብስ የሚያውቀው የሄደበት ነው፣ የበሰበሰውን ማን ይክፈለኝ ያው የተረፈው ላይ ነው የሚጨመረው። ግን አንድ ልዩነት አለ፣ እኔ መደብ ነው የምሸጠው፣ የሃያ ብር መደብ ድሮ ሰባት ፍሬ ከነበረ ዛሬ አራት ነው፣ ተደርድሮ ይታያል፣ ገዢዋ ትቆጥረዋለች ትከራከራለች «ምራቂ» ትላለች እጨምርላታለሁ። የታሸገው ላይ ማንን ትከራከሪያለሽ? ላስቲኩን?

ሹፌሩ፦ ደብረ ሲና ቆሎ የምትሸጠዋን ያላያችሁ ናችሁ እንጂ የሚታየውም አይታይም ቂቂቂ። መኪና ሲቆም በመስኮት ነው ግብይቱ፣ ጣሳዋ ደግሞ ቂጧ ወደ ውስጥ የገባ ነው፣ ከላይ ክምር አድርጋ ስትሰጥህ የሞላ ይመስልሃል፣ መኪናው ተነስቶ ነው የሚገባህ። ዘይትም እንደዚያው፣ እኔ የገዛሁትን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሚዛን ላይ አስቀምጬ 4 ኪሎ ከ600 ነው ያገኘሁት፣ 400 ግራም በሉኝ!

ጡረተኛው መምህር፦ ሹፌሩ፣ ዘይቱ ላይ አልተበላህም። ሊትርና ኪሎ አንድ የሚሆነው ለውሃ ነው፣ ዘይት ከውሃ ይቀላል፣ 5 ሊትር የምግብ ዘይት 4.6 ኪሎ አካባቢ ነው የሚመዝነው። ጀሪካኑ ራሱ የሚመዝነውም አለ፣ እሱን ሳትቀንስ መዝነህ ከሆነ ትንሽ የጎደለ ነገር ይኖራል።

ሹፌሩ፦ እሺ ጋሼ ቆሎው ግን እውነት ነው

ፓሪስ ያለው የአንኮበር ልጅ፦ ይሄ ነገር እዚህም አለ እኮ፣ የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር በ2016 በነሱ አቆጣጠር ቶብለሮን ቸኮሌት 170 ግራሙን 150 አድርጎ በጥርሶቹ መሀል ያለውን ክፍተት ሲያሰፋው አገር ምድሩ ተንጫጭቶ ነበር። ፈረንሳይ ግን ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሕግ ወጣ፣ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ የምግብ ሱቅ መጠኑ የቀነሰ እሽግ ሲሸጥ ከዚህ ግራም ወደዚህ ግራም ቀንሷል፣ በኪሎ ሲሰላ ይሄን ያህል ጨምሯል ብሎ ለሁለት ወር እቃው አጠገብ መለጠፍ አለበት። የኪሎ ዋጋ መፃፉማ መላው አውሮፓ ላይ የቆየ ነው። መቀነስ አልተከለከለም፣ ደብቆ መቀነስ ነው የተከለከለው። እኛስ ለምን አናደርገውም?

የመንዝ ልጅ፦ 400 ካሬ ሱቅ! ወንድሜ የኛ ሰፈር ሱቅ እኮ ባለቤቱ እግሩን ሲዘረጋ በር ይወጣል

ባለሱቁ፦ ቂቂቂ ተው እንጂ እኔን ነው የምትለው

የሕግ ተማሪው፦ ሕግ እኛም አለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍ ያስገድዳል፣ እሽግ ላይም የተጣራ ክብደት መፃፍ አለበት። ስለዚህ 500 ተብሎ ተፅፎበት 450 ከሆነ ወንጀል ነው፣ ይከሰሳል። ግን 450 ብሎ ፅፎ 450 ከሸጠ በሕግ ንፁህ ነው፣ ድሮ 500 ነበረ ብለህ ንገር የሚል አንቀፅ እኔ አላየሁም። ዳቦው ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ምንም የተፃፈበት የለም፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው ሚዛን የሚወጣው። አንዳንዶቻችሁ «መንግስት ዋጋ ይተምን» ልትሉ ነው፣ በ2003 ተሞክሯል፣ ስኳር ዘይት ምናምን ላይ ጣሪያ ተደረገ፣ እቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፣ ሰልፍ ሆነ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የአብዛኛው እቃ ጣሪያ ተነሳ። እኔ የማነሳው እሱን አይደለም፣ ዋጋ እንደፈለገ ይሁን፣ ግራሙ ግን ይነገረን።

ዳቦ ቤቱ፦ አንተ ልጅ አሪፍ ብለሃል፣ ግን እስቲ እኔ ግድግዳዬ ላይ «ዳቦ 85 ግራም» ብዬ ልፃፍ፣ ጎረቤቴ ደግሞ ምንም ሳይፅፍ 75 ግራም ይሽጥ። ሰው የት ይሄዳል? እኔ ጋ መጥቶ «85 ብቻ?» ብሎ ተቆጥቶ ወደሱ ነው የሚሄደው። እውነት የተናገረ ነው የሚከስረው። ሁላችንም እንፃፍ ከተባለ ነገ ጠዋት የመጀመሪያው እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ግን አላደርገውም።

የጠባሴዋ፦ ይሄኛው ክርክር ከበደኝ እውነቴን ነው። እስካሁን ከተባለው ሁሉ ዳቦ ቤቱን የምረዳው እዚህ ላይ ነው። ግን እኮ ይሄ ሁሉም እንዲፅፍ የሚያስገድድ ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው እንጂ ማንም አይፃፍ ማለት አይሆንም።

ጡረተኛው መምህር፦ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ግሽበት ወረደ ይላል። በ2014 ከ30 ፐርሰንት በላይ ነበር፣ ከዚያ ወረደ፣ እሺ። ግሽበት ወረደ ማለት ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ነው እንጂ ዋጋው ወረደ አይደለም። ደሞዝተኛው ግን ወረደ ሲባል ሰምቶ ገበያ ይወጣና ይደነግጣል። የጡረታ ብሬ ግን ግራሙ አይቀነስም፣ ያው ቁጥሩ ነው የሚመጣው፣ የሚገዛልኝ ነው የሚያንሰው። ለማንኛውም አንድ ነገር እንድንስማማ ልጠይቅ፣ ሕጉ እስኪመጣ ባለሱቆች መደብሩ ላይ አንድ ሚዛን ለደንበኛ ክፍት አድርገው ቢያስቀምጡ ምን ይጎዳቸዋል?

ባለሱቁ፦ ጋሼ ሚዛኑን ማን ይገዛል በሉኝ መጀመሪያ። እሺ አለኝ እንበል፣ የታሸገውን ከፍታችሁ ልትመዝኑ ነው? ከከፈታችሁት በኋላ ማን ይገዛኛል? ከነላስቲኩ ከሆነ ግን ይሁን፣ የስኳሯ ሚዛን ስላለች እሷን ወደ ውጭ አዞራታለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ከነላስቲኩም ይበቃኛል። ሱቅህ ጠባሴ የቱ ጋ ነው? ነገ ጠዋት እመጣለሁ።

ባለሱቁ፦ ከመናኸሪያ አልፈሽ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት እህቴ፣ ግን ዳቦ እኔ አልሸጥም እሱን ዳቦ ቤቱ ጋ ተከራከሩ። ብርድ ስለሆነ የምከፍተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።