ኮሊስቲን በዲስክ ይነበባል? ሜሮፔነም የማይበግረው ክሌብሲየላ

ጠያቂ (ላብራቶሪ፣ ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁም። ከጨቅላ ሕፃን የደም ካልቸር ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ወጥቷል። በሜሮፔነም (ጠንካራ አንቲባዮቲክ) ዲስክ ዙሪያ ምንም ዞን (ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ) የለም፣ እስከ ዲስኩ ጠርዝ አድጓል። የኮሊስቲን (ሌላው ሲያቅት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ) ዲስክ ግን 13 ሚሊሜትር ሰጥቷል። «ይሠራል» ብለን እንላከው? ደግሞስ ሕፃኑ ኮሊስቲን ወስዶ ካላወቀ ባክቴሪያው መቋቋሙን ከየት ያመጣል?

መልስ 1 (ማይክሮባዮሎጂ፣ ኮምቦልቻ)
በፍጹም እንዳትልኩት። የኮሊስቲን ሞለኪዩል ትልቅ ስለሆነ አጋር (ባክቴሪያው የሚያድግበት ጄል) ውስጥ በቅጡ አይሰራጭም፤ ተቋቋሚውም ያልተቋቋመውም ተቀራራቢ ዞን ያሳያል። የሜሮፔነሙን ውጤት ግን አሁኑኑ ለሐኪሙ ደውላችሁ ንገሩት፣ የኮሊስቲኑን አትጠብቁ።

ያላችሁን ዲስክ ብሮዝ (ፈሳሽ ማሳደጊያ) ውስጥ ተጠቀሙበት። በአራት የብርጭቆ ቱቦ (ኮሊስቲን ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል) ካልሲየምና ማግኒዚየሙ የተስተካከለ ሙለር ሂንተን ብሮዝ 10 ሚሊሊትር አድርጉ። አንዱ ባዶ ይሁን፤ በቀሪዎቹ ባለ 10 ማይክሮግራሙን ዲስክ 1፣ 2 እና 4 ጨምሩ። በሚሊሊትር 1፣ 2 እና 4 ማይክሮግራም ይሆናል። መድኃኒቱ ከዲስኩ እንዲወጣ 30 ደቂቃ በክፍል ሙቀት ይቆይ። ከዚያ ከ0.5 ማክፋርላንድ (ድፍርስነቱ የተለካ የባክቴሪያ ውህድ) 50 ማይክሮሊትር ጨምራችሁ በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 20 ሰዓት አቆዩት።

ባዶው ቱቦ ካልደፈረሰ ባክቴሪያው አላደገም ማለት ነውና ድገሙት። ባለ 2ቱ ከደፈረሰ ተቋቋሚ ነው። ጥርት ቢልም «ይሠራል» አይባልም፤ ሲኤልኤስአይ (የላብራቶሪ መመሪያ አውጪው ተቋም) ከ2020 ወዲህ ለኮሊስቲን ያስቀረው «መካከለኛ» እና «ተቋቋሚ» ብቻ ነው። ፕሮቲየስና ሴራሺያ በተፈጥሯቸው ስለሚቋቋሙት መጀመሪያ መለያችሁን አረጋግጡ።

መልስ 2
ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ኮሊስቲን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፤ በባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋን ላይ ካለው ኔጌቲቭ ሊፒድ ኤ ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ይበትናል። ክሌብሲየላ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኤምጂአርቢ የተባለው ተቆጣጣሪ ጂን ነው። እሱ ሲበላሽ ባክቴሪያው ሊፒድ ኤው ላይ ፖዘቲቭ ስኳር ይለጥፋል፣ መድኃኒቱም መያዣ ያጣል። ይህ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ በዋናነት ለራሱ ዘር ነው የሚተላለፈው። በ2015 ከቻይና የተዘገበው ኤምሲአር-1 የተባለው ጂን ግን ፕላዝሚድ (ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ ተጭኖ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ከኢ. ኮላይ ወደ ክሌብሲየላ ሳይቀር ይሻገራል። ስለዚህ ሕፃኑ መድኃኒቱን ባይቀምስም፣ አስቀድሞ የተላመደ ባክቴሪያ በባለሙያ እጅ ወይም በካቴተር ሊደርሰው ይችላል።

መልስ 3 (ደሴ)
ፕሌቶቹን ስትጥሉ ከፍታችንን አትርሱ። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአውቶክሌቩ (የእንፋሎት ማምከኛው) የግፊት ጌጅ 15 ፒኤስአይ ቢልም ውስጡ 116 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ይፈልጋል። ማሽኑ ያን ያህል ካልተፈቀደለት አታስገድዱት፤ ጊዜውን አርዝሙና በስፖር ኢንዲኬተር አረጋግጡ።