ከበረንዳ አዳሪዎች ጋር አብሮ መብላት ለምን ከበደኝ?

እኅተ ሐና (ጥያቄ)፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ስላደግሁም ለነዳያን መስጠት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። በዝክርና በክብረ በዓል ቀን በቤተ ክርስቲያናችን በር ለሚቀመጡት ዳቦ አድለናል፣ ልብስም ሰብስበን ሰጥተናል። ባለፈው ክረምት ግን የማኅበራችን አባላት በወር ሁለት ጊዜ ማታ እየወጡ ከበረንዳ አዳሪዎች ጋር እራት የሚበሉበት አገልግሎት ጀመሩ። እራት የሚያድሉበት ሳይሆን አብረው የሚበሉበት ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ምሽት፣ በአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው ለተቀመጡ አዛውንት ሽሮ ፈሰስ ያለበትን እንጀራ በፌስታል ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ። ከዚያም የካርቶናቸውን አንድ ጫፍ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና «ነይ ልጄ፣ አረፍ በይና አብረን እንብላ» አሉኝ። እኔም «እቸኩላለሁ አባባ» ብዬ ሄድሁ። የሚያስቸኩለኝ ጉዳይ ግን አልነበረም። ዞር ብዬ ስመለከት እጃቸው ካርቶኑ ላይ እንደነበረ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሰበብ ፈጥሬ ቀርቻለሁ። ሽታው፣ በሽታው፣ ማስቲሽ የሚስቡት ወጣቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ብዬ እንደማወራ አለማወቄ ያስፈራኛል። ይህ ፍርሃት የእምነት ጉድለት ነውን? በዚህ አገልግሎት የቆያችሁ እንዴት እንደጀመራችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

የበረንዳ ባልደረባ (መልስ)፦

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ዓመት አስታወስሁ። እኔ ያስቸገረኝ እንደ አንቺ ፍርሃት ሳይሆን ንግግር ማብዛት ነበር። መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ እወጣና፣ ሰውዬው ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ ስብከት እጀምር ነበር። አንድ ምሽት ማስቲሽ ይዞ የተቀመጠ ልጅ በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ «ጋሼ፣ ሦስተኛ ጊዜህ ነው፤ ስሜን እስካሁን አልጠየቅኸኝም» አለኝ። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ምን ብዬ አወራለሁ ለምትዪው ስምን መጠየቅ፣ ስሙን ማስታወስና በሚቀጥለው ጊዜ በስሙ መጥራት ለጅምሩ ይበቃሻል። ሌላውን ራሳቸው ያወራሉ፤ አንቺ አድማጭ ከሆንሽ ወሬ አይጠፋም።

በእኔ ልምድ ከሁሉ የሚበልጠው ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ እነዚያው ሰዎች ተመላልሶ መሄድ ነው። በአንድ ሌሊት መቶ ሰው አዳርሶ መመለስ ለሪፖርት ያምራል፤ ሰውየውን ግን አታውቂውም፣ እርሱም አያውቅሽም። የማይታወቅ ሰው ያስፈራል፤ ከታወቀ በኋላ አባባ እገሌ ይሆናል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚወዱ ሰው ይሆናሉ። ፍርሃቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ስለ ምግቡም አንድ ነገር ልጨምር። በረንዳው ላይ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ የአንዱን ሥጋ ሌላው እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን። ሽሮና ምስር ይዞ መሄድ ረቡዕንና ዓርብንም ያስከብራል፣ ሁሉንም በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል።

የእምነት ጉድለት ነው ወይ ለሚለው፣ እኔ እንደዚያ አላየውም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ ውስጥ በሐር እያከበሩ በውጭ በብርድና በዕርቃን የሚሠቃየውን እርሱን ችላ ማለት እንደማይገባ አስተምሯል። ይህን የተናገረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሚመላለሱ ምእመናን ነው፤ እንግዲህ ከበሩ ወጥቶ መቀመጥ ያኔም ለአማኞች ከባድ ነበር ማለት ነው።

ሌሊቱ ከከበደሽ በቀን ጀምሪ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው ሜቄዶንያ ከጎዳና የተነሡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይጦራል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መርሑን ሳትሰሚ አልቀረሽም። እዚያ ልብስ ማጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ለማይችሉት ማጉረስ አለ። የአንድ አዛውንት ጥፍር እየቆረጡ ሩብ ሰዓት መቀመጥ፣ የራስን አጥር ለማለፍ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የተሻለው ነው።

ነርሷ ከጎንደር (መልስ)፦

በወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ፍርሃትን ሁሉ እንደ ድካም ማየት ተገቢ ስላልሆነ ጥቂት ልጨምር። በተለይ እኛ ሴቶች ማታ ብቻችንን መንቀሳቀስ የለብንም፤ በቡድን መውጣት፣ በቡድኑ ውስጥ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው መኖሩ፣ የመመለሻ ሰዓትንም አስቀድሞ መወሰን ግዴታ ነው።

በሽታን በተመለከተ ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል። ከጎን መቀመጥና አብሮ መብላት ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም፤ ከማዕድ በፊት ለሁሉም እጅ ማስታጠብ ባህላችንም ስለሆነ ማንንም አያስከፋም። በክረምት ልብስ ስትሰበስቡ ግን ተጠንቀቁ፤ ግርሻ ትኩሳትና ተስቦ የሚተላለፉት በሰውነት ቅማል ነው፣ ቅማሉም የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ያወለቁትን አሮጌ ልብስ በጓንት ይዛችሁ በፈላ ውሃ እጠቡት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መድኃኒቱ ሳይሆን አብሮ ሄዶ የሚሰለፍ ሰው ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ አረፋው ይጋባል ብለው የሚሸሹ፣ ክብሪት ጭረው የሚያሸትቱም አሉ። አረፋው አያጋባም፤ ክብሪቱም አይረዳም። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጋቢ አድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ እስኪነቃም ድረስ አጠገቡ ቆዩ። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ስደተኛው ከሜሪላንድ (መልስ)፦

እኔ ከማዕዱ ወዲያኛው ወገን የተቀመጥሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ከዚያ በኩል የሚታየውን ላካፍልዎት። ወደ አሜሪካ እንደመጣሁ ጥገኝነት ጠየቅሁ፤ ጥገኝነት ጠያቂ ማመልከቻውን ካስገባ በኋላ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ወራት መጠበቅ ነበረበት። በዚያ መካከል ያስጠጋኝ ሰው ቤቱን ለቀቀና ማደሪያ አጣሁ። በዋሽንግተን ከተማ ኢየሱሳዊው ካህን ሆራስ ማኬና በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመሠረቱት «ሶም» በሚባለው የምግብ አገልግሎት ቁርስና ምሳ እየበላሁ ነው ያን ክረምት ያለፍሁት።

ምግቡን ዛሬ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ስሜን መጥራት ያቃታቸውን አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሴት ነው፤ ደጋግመው ካስጠሩኝ በኋላ በመዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት፣ በሳምንቱም በስሜ ጠሩኝ። ቤት ያጣ ሰው ሳህን የሚዘረጋለት አያጣ ይሆናል፤ ከጎኑ የሚቀመጥ ግን እምብዛም አያገኝም። አሁን በተራዬ ከአንድ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር በብርድ ወራት ካልሲና ሻይ ይዘን እንወጣለን፤ ለወጣቶቹ የምነግራቸው አንድ ክልክል ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። እኔን በዚያ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ፎቶ አንሥቶኝ ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ አልመለስም ነበር።

እነዚያ አዛውንት ካርቶናቸውን ጠርገው ሲጠሩዎት፣ እንግዳ ለመቀበል ቤታቸውን እያዘጋጁ እንደነበር ያስቡት። ወደዚያው ይመለሱ።

እኅተ ሐና (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በመጀመሪያ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ቅዳሜን ሜቄዶንያ ልብስ በማጠብ አሳለፍን፤ ባለፈው ዓርብ ደግሞ ከማኅበሩ ጋር ማታ ወጣሁ። አዛውንቱ እዚያው በረንዳ ላይ ነበሩ። ሳልጠራ ሄጄ ከካርቶናቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁና ስማቸውን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ፤ ከዚያም ፊቴን ትኩር ብለው አይተው «ያን ዕለት የቸኮልሽበት ጉዳይ ተሳካልሽ ወይ?» አሉኝ።

ጉዳይ እንዳልነበረኝና ፈርቼ እንደሄድሁ ነገርኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥሎም ከያዝሁት እንጀራ ቆርሰው በሽሮው አጥቅሰው «እንግዲያው አፍሽን ክፈቺ» አሉኝና አጎረሱኝ።