ቱርቦ የተገጠመለት ኮሮላ ሞተሩ በደቂቃ ከ4,500 ዙር በላይ ሲዞር ቤንዚን ያጥረዋል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሩ ባለ 1.6 ሊትር ፎር ኤ ኤፍ ኢ ነው፤ ቱርቦው አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋበት ግፊት 0.5 ባር። በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ሲረገጥ የአየርና የቤንዚን ምጣኔው እስከ 4,500 ዙር 11.8 ላይ ይቆይና ወደ 13.5 ይወጣል፤ ማለትም ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ያንሳል። ኢንጀክተሮቹ (ቤንዚን ረጪዎቹ) ገና ከአቅማቸው 70 በመቶ ላይ ስለሆኑ የእነሱ ማነስ አይመስለኝም። የቤንዚኑ ግፊት ግን ከቱርቦው ግፊት ጋር አብሮ ከ3 ወደ 3.5 ባር መውጣት ሲገባው ወደ 2.7 ይወርዳል። ፊልትሮው አዲስ ነው። ባትሪው 13.9 ቮልት እያለ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው 11.2 ብቻ ነው፤ ዋናው ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ሽቦና ሪሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ) በቀጥታ ከባትሪው መዘርጋት ይበቃል ወይስ ፓምፑም ይቀየር? የሚቀየር ከሆነ፣ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋውን ኦሪጅናል ፓምፕ ከቅጂው በምን ልለየው? ፒስተን እንዳይቀልጥ እስከዚያ ከ4,000 ዙር በላይ አልረግጠውም።