የሁለተኛ ደረጃ ጓደኞችን ይዞ መቆየት፦ ይገባል ወይስ ትርፉ ድካም?

አወያይ፦ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው ለሚወጡ ተማሪዎች ሁሌም የሚነገር ምክር አለ፦ «እንዳትጠፋፉ»። ምክሩ ትክክል ነው? ወይስ የድሮውን ተሰናብቶ አዲስ ማፍራት ይሻላል? የግል ትዝታ ይቅርብን፤ ምክንያት ይዛችሁ ግቡ።

ጠመኔ፦ ምክሩ ጎጂ ነው ባይ ነኝ። የክፍል ጓደኛን የሚመርጥልን የስም ዝርዝርና የመቀመጫ ድልድል ነው። በኔዘርላንድስ የተካሄደ የሶሺዮሎጂ ጥናት እንዳሳየው ሰው በ7 ዓመት ውስጥ ከቅርብ ግንኙነቶቹ ግማሽ ያህሉን በሌሎች ይተካል፤ የሰዎቹ ብዛት ግን ያው ነው። ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 24 የብሪታንያ ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጡ ለ18 ወራት የስልክ ጥሪያቸውን ተከታተለ። የሚደወልላቸው ሰዎች ተቀያየሩ፤ በብዛት ከሚደወልላቸው ለመጀመሪያው፣ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው ሰው የሚደርሰው የጥሪ ድርሻ ግን በየተማሪው ብዙም አልተለወጠም። አዲስ ሰው ሲገባ አንድ የቆየ ሰው ቦታ ይለቃል ማለት ነው። ታዲያ ሁሉንም ያዙ ብሎ ልጆችን በጥፋተኝነት ስሜት ማስጨነቅ ለምን?

የሒሳብ ደብተር፦ ጠመኔ፣ መተካት ስንት እንደሚያስወጣ አላሰብክም። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ተራ ትውውቅ ወደ ላላ ጓደኝነት ለማደግ 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ጓደኝነት 90 ገደማ፣ ወደ ቅርብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ መሆን ይፈልጋል። በሳምንት 2 ሰዓት ብቻ የሚገናኙ ሰዎች 200 ላይ የሚደርሱት በ100 ሳምንት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። የድሮ ጓደኛ ላይ ያ ሰዓት አስቀድሞ ተከፍሏል። የቀረው የማቆያው ወጪ ነው፤ እሱም በወር አንድ ረዘም ያለ ጥሪ ቢሆን ነው።

ጠመኔ፦ እዚያው ጥናት ላይ እኮ በሥራና በክፍል አብሮ የዋለ ሰዓት ክብደቱ አነስተኛ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሰዓት አብዛኛው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አፍጥጦ የዋለ ነው።

የሒሳብ ደብተር፦ እሺ፣ ክፍሉን ቀንስልኝ። የእረፍት ሰዓቱ፣ የመንገዱ፣ የኳስ ሜዳው አለ። በቀን 1 ሰዓት ብለን በዓመት 180 የትምህርት ቀን ብናስብ እንኳ በአራት ዓመት 720 ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም ቁም ነገሩን አልፋችሁታል። ጓደኝነቱን የሚሸከመው የሰዓት ፕሮግራሙ ነበር። ደወሉ ሲቆም ማንም ቀጠሮ መያዝ አልለመደም፤ የሚላላው በጠብ ሳይሆን በዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ ሮበርትስና ደንባር ተመራቂ ተማሪዎችን ተከታትለው እንዳዩት የዘመድ ቅርበት ባይገናኙም ብዙም አይቀንስም፣ የጓደኛ ግን ይወርዳል። ደግሞ በሴቶቹ ዘንድ ቅርበቱን የጠበቀው ማውራት ነው፤ በወንዶቹ ዘንድ አብሮ አንድ ነገር መሥራት። ስለዚህ ለሁሉም «ደውሉ» ማለት ግማሽ ምክር ነው። ጨዋታ፣ ስፖርት፣ ጥገና፣ ምንም ይሁን፣ እጅ የሚያስገባ ነገር ያስፈልጋል።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ የአርባ ሰው ቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶ ተገናኘን ማለት። አንድ ሰው ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል እየተባለ ማንም አይመልስም፤ ከዚያ የበዓል ምስል ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ ድምፁ ይዘጋል። ግሩፑ ለማስታወቂያ ይቆይ፤ ጓደኝነት ግን ሁለት ለሁለት፣ ቢበዛ አራት ሆኖ ነው። ሁለተኛ፣ «ሰላም ነው?» የሚለው መልእክት። «ሰላም ነው» ተብሎ ያልቃል። «ያ የፊዚክስ ፈተና ምን ሆነ?» ብትል ግን ቢያንስ ሦስት መስመር ይመለስልሃል። ሦስተኛ፣ «አንድ ቀን እንገናኝ» ቀን የለውም። ከመለያየት በፊት ቀጣዩ ቀንና ሰዓት ይወሰን፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ላይ በተለይ፣ ምክንያቱም አዲሱ ሕይወት የሳምንቱን ሰዓት የሚከፋፍለው ያኔ ነው።

ማኅደር፦ መምህር ያሉትን እቀበላለሁ፤ ግን የቀሩት ሠላሳ ስድስቱም ጠፍተዋል ብላችሁ አትፍረዱ። ሶሺዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው የክፍት ሥራ ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከላላ ትውውቅ ነው፤ የቅርብ ጓደኛ አንተ የምታውቀውን ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለዓመታት የተቋረጠ ግንኙነትን ቀስቅሶ ምክር መጠየቅ ጠቃሚ እንደሆነ አግኝቷል፦ አዲስ ሐሳብ ይገኝበታል፣ የድሮው መተማመንም አለ። ለእነዚህ ወርሃዊ ጥሪ አያስፈልግም። የሚሠራ ስልክ ቁጥር በቂ ነው። ስልክ ስትቀይሩ አሳውቁ፣ ያ ብቻ።

ጠመኔ፦ በዚህ ተስማማሁ። ግን ሁልጊዜ አንደኛው ብቻ ደዋይ ከሆነስ? እሱም ጓደኝነት ነው ልንል ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ ማን ጀመረ የሚለውን ተወው፤ አጀማመር ጠባይ ነው። ሲደወልለት ያነሳል? ካላነሳ መልሶ ይደውላል? ባለፈው የነገርከውን ያስታውሳል? ሦስቱም ካሉ ደዋዩ አንተ ብትሆን ምንም አይደል። ሁለት ጊዜ ሞክረህ መልስ ከሌለ ያለወቀሳ ተወው፤ ከወራት በኋላ አንድ አጭር መልእክት ላክ። ሰዎች እንዲህ ያለ ድንገተኛ መልእክት ተቀባዩን ምን ያህል እንደሚያስደስት አሳንሰው እንደሚገምቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል። «ጠፋህ እኮ» ብለህ ብቻ አትጀምር፤ ያ ክስ ነው፣ ሰውየው መልስ ሳይሆን ሰበብ ፍለጋ ይገባል።