ለባልዲ ሰላጣ የቧንቧ ውሃ ወይስ የዝናብ?

የሆጤዋ
ሰላም ናችሁ? ደሴ ነኝ። ተከራይ ስለሆንኩ መሬት የለኝም፤ ያለችኝ አንዲት በረንዳ ነች። ከሁለት ወር በፊት ባለ20 ሊትር የቀለም ባልዲ አጥቤ፣ ክዳኑን አራት ቦታ በስቼ፣ ያለ አፈር ሰላጣ ጀመርኩ። ፓምፕ የለውም። የሥሩ ጫፍ ውሃ ውስጥ ነው፣ የላዩ ደግሞ አየር ያገኛል። መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለኝም።

ያስቸገረኝ ውሃው ነው። ቧንቧ ሲመጣ በርሜል ሞልቼ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ እየቀዳሁ ማዳበሪያውን እበጠብጣለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ነው። ቢጫ ጨርቅ ላይ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ ይመስላል፤ ለዓይን ያምራል፣ እኔን ግን አሳረረኝ። ምግብ አንሷቸው ነው ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ባሰባቸው።

የውሃውን ኮምጣጣነት የሚያሳየውን የፒኤች ወረቀት ስነክር 7.5 ግድም አሳየ (ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል)። ሎሚ ጨምቄ ወደ 6 አወረድኩት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እዚያው! ከወንድሜ በተዋስኩት እስክሪብቶ በምታክል መለኪያ ደግሞ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው ስለካ የቧንቧው 340 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 340) ሆነ፣ ከአሸንዳ የቀዳሁት ዝናብ 12። አከራዬ እትዬ «የሰማይ ውሃ እያለልሽ ምን ያስጨንቅሻል?» ይሉኛል። የታሸገ ውሃ እንዳልገዛ ኪሴ አይፈቅድም። እናንተ በምንድን ነው የምትሠሩት?

የኮምቦልቻው
አብሽሪ እህቴ። ማንቆርቆሪያሽን ክፈቺና ታቹን እይው። ነጭ ቅርፊት ይዟል? ከያዘ ውሃሽ ኖራ የበዛበት ነው። አብሮት ያለው ባይካርቦኔት ነው ፒኤቹን እየገፋ የሚያወጣው። ሎሚውን ደግሞ ውሃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት ይበሉታል፣ ለዚህ ነው ሳይቆይ የሚከዳሽ። ፒኤች ሲወጣ ብረቱ ባልዲው ውስጥ እያለ እንኳ ተክሉ ሊወስደው አይችልም። ቢጫው እሱ ነው። ማዳበሪያ ስለጨመርሽ አይድንም።

ሌላው ሒሳብ ነው። የብዙዎቹ ርካሽ መለኪያዎች ፒፒኤም ለ500 ሲካፈል ኢሲውን፣ ማለትም ውሃው በሟሟው ጨው ምክንያት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበትን መጠን፣ ይሰጣል፤ የአንቺ 0.68 ይመጣል። ሰላጣ የሚፈልገው ከ0.8 እስከ 1.2 አካባቢ ነው። ጨው የገባበት ወጥ ላይ ሳትቀምሺ ደግመሽ ጨው እንደመነስነስ ነው የሆነብሽ።

ዝናቡን ብቻውን አትጠቀሚ። ካልሲየምም ማግኒዥየምም የለውም፣ ፒኤቹም በትንሽ ነገር ይዋዥቃል። ግማሽ በግማሽ ቀላቅይው፣ 176 ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ ማዳበሪያውን በጥብጪ፣ ፒኤች የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። 5.5 እና 6.5 መሃል ከሆነ ተይው። ካለፈ ፎስፎሪክ አሲድ በጠብታ፣ በጓንት። አሲዱን ወደ ውሃው ነው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም።

እኔን ኖራ ሳይሆን ሙቀት ነው ያስለቀሰኝ። ሀረጎን ወርደሽ እዚህ ስትደርሺ ሌላ አገር ነው። ቀትር ላይ ባልዲው ለብ ይላል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ አየር አይዝም፤ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይልሞሰሞሳል። አሁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ስር አድርጌዋለሁ።

ጋራዥ ሠፈር
የኔ ልጅ፣ ጋራዥ ውስጥ የባትሪ ውሃ የሚባለው የተጣራ ውሃ ነው፣ ለዚህም ይሆናል። ግን አሲዱም አጠገቡ በተመሳሳይ ጀሪካን ይቀመጣል። ወላሂ እኔ ራሴ አንዴ ተሳስቼ ሱሪዬን አቃጥያለሁ። ጽሑፉን ሳታነቢ እንዳትወስጂ። ከአሮጌ ባትሪ የወጣ አሲድ ደግሞ ፒኤች ላውርድበት እንዳትይ፣ እርሳስ አለበት። የሚበላ ነገር ነው።

ሰላጣ በላ
በርሜሉን አንድ ቀን ክፍት ካቆየሽው ክሎሪኑ ይተናል፣ እሱ አያሳስብሽ። ዝናቡን ግን የመጀመሪያውን አሳልፊው። የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው። ቆርቆሮው አዲስ ከሆነ ዚንክም አለው።

የሆጤዋ
ከ18 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ማንቆርቆሪያው፣ የኮምቦልቻው እንዳለው፣ በማንኪያ የሚፋቅ ነጭ ነገር ይዟል። ስንት ዓመት ሻይ አፍልቼበት አይቼው አላውቅም!

ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኩ። አሲድ አንድ ጊዜ ብቻ ጠብ አደረግኩ። አምስት ቀን ሙሉ ወረቀቱ 6 እና 6.5 መሃል ቆየ። የቀድሞዎቹ ቢጫ ቅጠሎች ቢጫ እንደሆኑ ቀሩ፣ ከመሃል የወጡት ግን አረንጓዴ ናቸው። ትናንት ከእትዬ ጋር በቲማቲም በላናቸው። «አላልኩሽም?» አሉኝ፤ ግማሹ የቧንቧ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

አሁን ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ሰባት ጀሪካን ዝናብ አልጋዬ ስር ደርድሬያለሁ። በረንዳው ላይ ላወጣው ነበር፣ አረንጓዴ ዝቃጭ ይይዝብኛል ብዬ ፈራሁ።

የኮምቦልቻው
እዚያው አልጋሽ ስር ይቆይ። ጨለማ ከሆነ አልጌ አይይዝም። ክዳኑን ግን ጠበቅ አድርጊው፣ የወባ ትንኝ እንዳታረቢ።