ጀርመን ልሄድ ነው፣ «ባዲ» የሚሉትን ፎርም ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጅማ ነኝ፣ እዚሁ ነው የምማረው። በኢራስመስ (የአውሮፓ የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም) ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን እንድሄድ ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ አልሃምዱሊላህ፣ ቪዛውም ወጥቷል። ትናንት ከሚቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል መጣልኝ፣ «ባዲ ትፈልጊያለሽ ወይ» የሚል ፎርም አለው፣ የምማረውን፣ የምናገረውን ቋንቋ፣ ትርፍ ጊዜዬን በምን እንደማሳልፍ ምናምን ይጠይቃል፣ ከዛ እዛው የሚማር አንድ ተማሪ ይመደብልሻል፣ ባቡር ጣቢያ ይቀበልሻል፣ ዶርም ያደርስሻል ይላል፣ በነፃ።
ደስ ብሎኝ ለእማዬ ስነግራት «የማያውቅሽ ሰው ለምንድነው ጣቢያ ድረስ መጥቶ የሚቀበልሽ? ምን ፈልጎ ነው?» ብላ ያዘችኝ። እውነት ለመናገር እኔም መልስ አጣሁ። ሴት ትመደብልኝ ማለት ይቻላል? ደግሞ ሰው ማስቸገር የሚባል ነገር ሞቴ ነው፣ መርካቶ ውስጥ መንገድ ጠፍቶኝ ከምጠይቅ ሦስቴ ብዞር የምመርጥ ሰው ነኝ። ምን ያህል ነው ማስቸገር የሚቻለው? የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

አዌቱ ማዶ፦
እህቴ ሙይው፣ ዛሬውኑ። እኔ ጀርመን ሁለት ሴሚስተር ነበርኩ። ሴት ይሁንልኝ ማለት ይቻላል፣ ብዙዎቹ ፎርሙ ላይ ቦታ አላቸው፣ ከሌለው በኢሜይል መልሺና ጠይቂ፣ ማንም አይገረምም።
ለእማዬ ደግሞ እንዲህ በያት፣ ኢራስመስ የተጀመረው 1987 (በፈረንጅ) ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 1989 ላይ ራሳቸው ሄደው የተመለሱ ተማሪዎች ተሰባስበው ኢራስመስ ስቱደንት ኔትወርክ የሚባለውን መሰረቱ፣ ዛሬ ብዙ ከተማ ላይ ባዲ የሚያገናኙት እነሱ ናቸው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ኢንተርናሽናል ኦፊስ ነው። ሰው አገር ገብተው የተንከራተቱ ልጆች ናቸው ባጭሩ። የሚፈልጉት ነገር ካለም ወይ ሰርተፍኬት ነው ወይ እንግሊዝኛ መለማመድ።
አሁን ዋናው ነገር። ይሉኝታሽን ቦሌ ላይ ጥለሽው ሂጂ። እኛ አገር እንግዳ ሳይጠይቅ ነው የሚቀርብለት፣ አልፈልግም ቢል እንኳ «በሞቴ» እየተባለ ነው የሚጎርሰው፣ እዛ ግን «ደህና ነኝ፣ ችግር የለም» ካልሽ በቃ ደህና ናት ብለው ይተኙልሻል፣ ክፋት አይደለም፣ ያልሽውን ስላመኑሽ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ «ኖ ፕሮብሌም» እያልኩ በችግር አለቅኩ።
አንዷን ልንገርሽ። ባንክ ሂሳብ ከፈትኩ፣ ካርዱና ሚስጥር ቁጥሩ በፖስታ ነው የሚላከው፣ ጠበቅኩ ጠበቅኩ የለም። ለካ እዛ ብዙ ጊዜ የቤት ቁጥር እንጂ የክፍል ቁጥር አድራሻ ላይ አይፃፍም፣ ፖስተኛው የሚያየው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው፣ እኔ ደግሞ ስሜን ብዬ የራሴን ስም ብቻ ለጥፌያለሁ፣ ደብዳቤው የሚመጣው በአያቴ ስም ነው! የቤተሰብ ስም ሲሉ ፓስፖርት ላይ መጨረሻ ያለውን ነው የሚወስዱት። እና ደብዳቤዎቼ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» እየተባሉ ይመለሱ ነበር፣ አያቴ ነፍሳቸውን ይማርና ጀርመን አገር ይፈለጋሉ። ሦስት ሳምንት ከሌላ ሐበሻ ብር እየተበደርኩ ኖርኩ። ባዲዬ ሻይ ስንጠጣ እንደዋዛ ሳነሳበት ሳቀና መጥቶ ስሜን በሙሉ ፅፎ ለጠፈልኝ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በመጀመሪያው ሳምንት ብጠይቀው ኖሮ...
ስለዚህ ስትፅፊለት ወይ ስትፅፊላት ነገሩን ከነቀኑ ከነሰዓቱ ፃፊ፣ «ስመጣ ትረጂኛለሽ» አይሰራም። ዶርም ቁልፍ የሚሰጠው ቢሮ ማታና ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው፣ አርብ ማታ ከደረስሽ ሆቴል ነው የምታድሪው፣ ብዙ ቦታ ግን ባዲሽ ባንቺ ስም ቁልፍ መቀበል ትችላለች፣ ውክልና ያስፈልጋታል፣ ውክልና ስልሽ ግን እንደኛ ሰልፍና ማህተም አይደለም፣ አንድ ገፅ ፅፈሽ ፈርመሽ ስካን አድርገሽ መላክ ነው። ሁለተኛው አንሜልዱንግ የሚሉት የነዋሪነት ምዝገባ ነው፣ የቀበሌ ነገር በይው፣ ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፣ አከራዩ የፈረመው ወረቀት ይጠየቃል፣ ቀጠሮውን ደግሞ ሳትሄጂ ከዚህ ሆነሽ ብታስይዢ ይሻላል፣ ድረገፁ ጀርመንኛ ስለሆነ እሱን ለባዲሽ ስጫት።

ሻይ በቅመም፦
እኔ ግን ብዙ አትጠብቂ ባይ ነኝ። የኔ ባዲ አንዴ ጣቢያ ተቀበለኝ፣ አንዴ ቡና ጋበዘኝ፣ ከዛ ፈተና መጣ ብሎ ጠፋ፣ ሜሴጅ በአምስት ቀኑ ነበር የሚመልሰው። መጥፎ ልጅ አልነበረም፣ ለካ ሦስት ሰው ነው የተመደበለት፣ ደሞዝ የለው ምን የለው። እኔን ያኖሩኝ ሐበሾች ናቸው፣ ቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፣ ሐላል ሥጋ ከቱርኮቹ ሱቅ እንደሚገኝ እንኳ የነገሩኝ እነሱ ናቸው።
ግን እውነቱን ልናገር፣ ከነሱ ጋር ብቻ ስለዋልኩ አምስት ወር ሙሉ ጀርመንኛዬ ከሰላምታ አላለፈም።

አዌቱ ማዶ፦
@ሻይ በቅመም ሦስት ሰው የያዘ ባዲ የኔም ነበር፣ ለዛ ነው ጥቅል ነገር ሳይሆን ቀን ያለው ነገር ስጪው የምላት።

የጅረን ዳገት፦
እኔ ከሌላው ወገን ልምጣ፣ እዚሁ ጅማ ባዲ የሆንኩ ሰው ነኝ። ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) ለመጡ ሁለት የጀርመን ሕክምና ተማሪዎች ዲፓርትመንቱ «አንተ እንግሊዝኛህ ደህና ነው፣ ያዛቸው» ብሎ ሰጠኝ፣ ፎርምም ምንም የለም።
የመጀመሪያው ቅዳሜ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግስት ላሳያቸው ብዬ «ነገ ሁለት ሰዓት በር ላይ» አልኳቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ባጃጅ ይዤ ቆምኩ፣ የሉም። ሦስት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ ስልካቸው ዝግ ነው፣ ባጃጁም ተማሮ ሄደ፣ ናቁኝ ብዬ ተናድጄ ዶርም ገብቼ ተኛሁ። በፈረንጅ ሁለት ሰዓት፣ ማለትም በኛ ስምንት ሰዓት፣ ዝናቡ እየወረደባቸው በር ላይ ቆመዋል! ከዛ ቀን በኋላ ሰዓት ስናገር «ጠዋት፣ በናንተ 8» ብዬ ነው። አንቺም በተቃራኒው ተጠንቀቂ፣ ባቡር ስድስት ሰዓት ይላል ብለሽ ለምሳ ሰዓት እንዳትዘጋጂ።
የእናትሽን ጥያቄ ግን ወደድኩት። እኔ ምን ፈልጌ ነበር? ፍሬሽ ሆኜ ስመጣ መናኸሪያ ላይ የማላውቃቸው ሲኒየሮች ሻንጣዬን ተሸክመው ግቢ አስገብተውኛል፣ ፍራሽ አሸክመው ዶርም አሳይተውኛል፣ ማናቸውንም በስም አላስታውስም። አንቺንም ተቀብለውሽ ይሆናል እኮ፣ ያኔ «ምን ፈልገው ነው» አላልሽም። እናትሽን እሱን አስታውሻት።
ሌላ አንድ ነገር። ባዲ የሆነ ሰው የሚከብደው የሚያስቸግር እንግዳ አይደለም፣ ዝም የሚል ነው። አንደኛዋ ልጅ ምግብ አልስማማት ብሎ አራት ቀን ዳቦና ሙዝ ስትበላ ከርማ እኔ የሰማሁት ከጓደኛዋ ነው፣ በጣም ነው ያፈርኩት፣ ቃሪያ የሌለው ሽሮ አሰርቼላት ችግሩ አለቀ።

የቆጪ ልጅ፦
ውይ ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሞልቼ ላክሁት፣ ሴት ብዬ። ትርፍ ጊዜ የሚለው ላይ «ቡና ማፍላት» ብዬ ፅፌያለሁ፣ ሌላ ምን ልበል። የመናኸሪያውን ስነግራት እማዬ ዝም አለች፣ ፍሬሽ ስሆን ስልክ ደውላ ያመሰገነቻት ሲኒየር ነበረች፣ ራሷ ናት ያስታወሰችኝ። ከዛ ተነስታ «እንግዲያው ለልጅቷ ባዶ እጅሽን አትሄጂም» ብላ ቅቤ ማንጠር ጀመረች፣ ቋንጣም ሰቅላለች።

አዌቱ ማዶ፦
ኧረ አስቁሚያት! ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ቅቤም ቋንጣም ጉምሩክ ላይ ይወሰድብሻል። በርበሬና ሽሮ ያዢ፣ የተቆላ ቡና ያዢ።

የቆጪ ልጅ፦
ሦስት ኪሎ ነጥራ ጨርሳለች። ማነው የሚነግራት? 😭